በስህተት የፈታሁት ቅንፍ

የእድራችን ለፋፊ በሬን ያንኳኩ ዕለት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ብቻዬን እጮህ ነበር። ግልፍተኛ ነኝ፤ እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና በስልክ ድምፄን ገና ስትሰማ «ይቺ ሚጥሚጣ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አናደደሽ?» ነው የምትለኝ። ያናደዱኝ እንደተለመደው ተማሪዎቼ ነበሩ።

የማስተምረው ሎጂክ ነው። ኮምፒውተር ውስጡ ቢፈተሽ ከእውነትና ከሐሰት፣ እነሱን ከሚያያይዙ ሦስት ቃላት ሌላ ብዙም አይገኝበትም፦ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም»። በ«እና» የተያያዘ ነገር እውነት የሚሆነው ሁሉም እውነት ሲሆን ነው። ለ«ወይም» አንዱ ይበቃዋል። «አይደለም» ያገኘውን ሁሉ ይገለብጣል። ክፍል ውስጥ ይህን የማስረዳው በሲቀላ ሚኒባስ ነው፦ ወደ እኛ ሰፈር ወደ ሴቻ የሚነሳው ሾፌሩ ካለ እና ወንበሩ ከሞላ ነው። ረዳቱ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ እያለ «አንድ ሰው ብቻ!» ብሎ ሲጣራ ግን ምንም ሎጂክ አያድንም። ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ የገባቸው ይመስለኛል።

ፈተና ላይ ግን ተያይዘው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። ጉድጓዱ ቅንፍ ነው። ከቅንፍ ውጭ ያለ «አይደለም» ወደ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ላይ ያርፋል፤ መሃል ያለው «ወይም» ደግሞ ወደ «እና» ይለወጣል። ሙዝ ወይም ማንጎ አልበላም ያለ ሰው ሙዝ አይበላም፣ እና ማንጎም አይበላም፤ ሁለቱንም ነው የተወው። ተማሪዎቼ «አይደለም»ን ያስገቡና «ወይም»ን እንዳለ ይተዉታል። እኔም በቀይ እስክሪብቶ አከብበውና ያለ ምሕረት ዜሮ እሰጣለሁ። ለፋፊው የመጡት በዚህ መሃል ነው።

እኒህ ሽማግሌ ሴቻን ሠላሳ ዓመት አገልግለዋል። ሰው ሲሞት ማለዳ ጥሩምባ ይነፋሉ። ሰርግ ሲሆን ደግሞ በየቤቱ እየዞሩ ለድንኳን ተከላና ለወጥ ቤት ሥራ ተረኞችን ይጠራሉ። አሁን ግን ጉልበታቸው የሴቻን ዳገት እምቢ ብሏቸዋል። በረንዳዬ ላይ አስቀምጬ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋቸው። ከታች የአባያ ሐይቅ ያን ቀይ ውሃውን ዘርግቶ ተኝቷል፤ እሳቸውም ትንፋሻቸው እስኪመለስ ወደሱ ተመለከቱ።

«ቲቸር፣ ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ኮሚቴው ከእንግዲህ በስልክ መልእክት ይጠራ ብሏል። ያንቺ ኮምፒውተር ይተካኝ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ይተካዎታል አባባ፤ ማንን እንደሚጠሩ ብቻ ይንገሩኝ።»

እሳቸውም ነገሩኝ። አንድ ሰው የሚጠራው ተረኛ ከሆነ ነው። ተረኛም ሆኖ ቤቱ አራስ ካለ አይጠራም። ሐዘን ላይ ከሆነም አይጠራም። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ እየሮጠ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ተማሪዎቼ በአንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ያልገባቸውን ነገር ቁጭ ብለው ይዘረግፉልኛል። ደስ ብሎኝ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሦስተኛ ደግሞ አለች፤ እሷ የእድሩ መተዳደሪያ ላይ የለችም፤ የራሴ ናት። ከባለ ጉዳዩ ጋር የተኳረፈ ሰው ከሆነ በሩን አልፌ እሄዳለሁ።»

«ለምን?»

«እድር የጠራው ሰው መምጣት ግዴታው ነው። ለእድር ሥራ የመጣን ሰው ደግሞ ባለቤቱ ከደጁ አይመልስም፤ ነውር ነው። ታዲያ ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን በግድ ላፋጥጣቸው?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ በልባቸው ይዘው ይዞሩ ኖሯል። ለማንም እንደማልናገር አስምለውኝ አንድ በአንድ አስጻፉኝ። ከዝርዝሩ አንደኛውን ገና ሳይነግሩኝ አውቀው ነበር፤ የምኖረው እዚያው ኩርፊያ ውስጥ ነውና።

አከራዬ ከጎንደር በኩል በባለቤታቸው ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን የኦቾሎ ሰው ናቸው። ጥጥ ይፈትላሉ፤ ፈትሉን መንደራቸው ላሉት ሸማ ሠሪ ወንድሞቻቸው ይልካሉ። አከራዬ ትምህርት ቤት ሲውሉ አንዲት ልጃቸውን አዝለው ያሳደጉት እኒህ ጎረቤት ናቸው፤ ልጅቷ ከአማርኛ በፊት አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነው ይባላል። ከአራት ዓመት በፊት ግን ዝንጀሮዎች በጎረቤታችን ማንጎ ቅርንጫፍ እየተንጠላጠሉ የአከራዬን ወጥ ቤት መዝረፍ ለመዱ። አከራዬም ጎረቤታችን ለለቅሶ አገራቸው በሄዱበት ሰው ቀጥረው ቅርንጫፉን አስቆረጡት፤ ያውም ፍሬው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ጤና ይስጥልኝ እንኳ ተባብለው አያውቁም።

አሁን ያቺ ልጅ ልታገባ ነው። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የኔ ጓደኛ ሆናለች። የሰርጉ ወር ሲገባ ክፍሌ መጥታ አልጋዬ ላይ ተዘረረች።

«እናቴን ጥሪያት ብላት፣ እኔ አልጠራትም አለችኝ። እሷ ጋ ብሄድ፣ እናትህ ካልጠራችኝ አልመጣም አለችኝ።» ጎረቤታችን ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነው የሚሉት፤ ሙሽሪት በሳቸው አነጋገር ስታወራ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም። «ሁለት እናት አለኝ፤ አንዷ ከአጥር ማዶ ሆና የሰርጌን ዘፈን ስትሰማ እኔ ምን ብዬ እጨፍራለሁ?»

እኔ ለሰው የማስታረቅ ነገር አልተፈጠርኩም፤ አስታርቃለሁ ብዬ የገባሁበት ጠብ ሁሉ ሦስተኛ ተጣዪ አድርጎኝ ይወጣል። ፀጉሯን ብቻ ዳበስኩላት።

የሰርጉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለእድሩ የጻፍኩት ፕሮግራም የመጀመሪያ ሥራውን ሊጀምር ሆነ። በወረቀቴ ላይ የለፋፊው ሕግ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ ተረኛ ከሆነ እና (አራስ ወይም ሐዘንተኛ ወይም ኩርፊያ ያለበት) ካልሆነ ጥራ። ልክ ነው፤ ቅንፉም ቦታው ላይ ነው። ግን ቅንፍ አልወድም፤ ቢፈታ ንጹሕ ይሆናል አልኩ። መብራት ሊጠፋ ብልጭ ድርግም እያለ ስለነበር እየተጣደፍኩ ፈታሁት። ከዚያ በራሴ ስም ሞከርኩት። እኔ ተረኛ ነኝ፣ አራስ አይደለሁም፣ ሐዘንተኛ አይደለሁም፣ የተኳረፍኩትም ሰው በዚያ ሳምንት እንደ ዕድል ሆኖ አልነበረም። ስልኬ ጢው አለ፤ «ነገ ጠዋት ለድንኳን ተከላ ይገኙ» ይላል። እንዴት እንደኮራሁ! ለሁሉም ላክሁና መብራቱ ጠፋ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ተረኛ ደረሰች። የሃያ ቀን አራስ ነበረች። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ አቅፋለች፤ ከኋላዋ እናቷ ጃንጥላ ይዘው «የዘንድሮ እድር ጉድ ነው! አራስ ይጠራል?» እያሉ ይከተሏታል። አራሷ ግን ፊቷ በርቷል።

«ሃያ ቀን ሙሉ ገንፎና ግድግዳ!» አለችኝ። «ቢላ አምጪ ቲቸር፣ ሽንኩርትም ቢሆን ልላጥ።»

ተሳስታ ነው የመጣችው ብዬ ራሴን ሳጽናና ሁለተኛው ገባ፤ አባቱን ከቀበረ ወሩ ያልሞላ፣ ጢሙ ያደገ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ። መዶሻ ይዟል። «እድሩ ጠርቶኝ ነው» ብሎ ካስማ መምታት ጀመረ። ላስቆመው ብሞክር «ተዪኝ እባክሽ፣ ቤት መቀመጡ ነው የገደለኝ» አለኝ።

ሮጬ ክፍሌ ገባሁና ላፕቶፑን ከፈትኩት። መስመሯ እዚያው ቁጭ ብላለች፦ ተረኛ ከሆነ እና (አራስ ካልሆነ ወይም ሐዘንተኛ ካልሆነ ወይም ኩርፊያ ከሌለበት) ጥራ። «አይደለም»ን በየቦታው አስገብቼ «ወይም»ን እንዳለ ትቼዋለሁ። «ወይም» ደግሞ አንድ እውነት ይበቃዋል። አራሷ ሐዘንተኛ ስላልሆነች ተጠራች። ሐዘንተኛው አራስ ስላልሆነ ተጠራ። በዚህች መስመር ከመጠራት የሚያመልጥ ተረኛ ቢኖር በአንድ ጊዜ አራስም፣ ሐዘንተኛም፣ ኩርፈኛም የሆነ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በሴቻ ቀርቶ በጋሞ ዞን ሁሉ ተፈልጎ የሚገኝ አይመስለኝም። በስንቱ ተማሪ ወረቀት ላይ በቀይ ያከበብኩት ስህተት ነው። ራሴን በጥፊ ብመታ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ነው ሌላው የታወሰኝ። ዝርዝሩን ቁልቁል ሄድኩበት። ጎረቤታችን በዚህ ወር ተረኛ ናቸው።

ሙሽሪት ሹሩባዋን ግማሹን ተሠርታ ግማሹ ተበትኖ ሳሎን ተቀምጣለች። ጠርቼ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። «ትመጣለች?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ከመጡና አከራዬ ሰው ፊት ክፉ ቃል ከተናገሩ ሰርጉ ሳይጀመር ተበላሸ ማለት ነው፤ ካልመጡ ደግሞ ተጠርተውም ቀሩ ይባላልና ኩርፊያው ከእንግዲህ መጨረሻ የለውም። ሁለቱም በኔ ጣት ነው የሆነው። ሄጄ ለአከራዬ አስቀድሜ ልንገር ብዬ ወደ ጓሮ ስወጣ የግቢው በር ተንኳኳ።

ጎረቤታችን ነበሩ። ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው የራሳቸውን ቢላ፣ በሌላው ትልቅ ትሪ ይዘዋል። ድንኳን የሚተክሉት ሁሉ እጃቸው ገመዱ ላይ ቀረ። አከራዬ ጭልፋ እንደጨበጡ ከወጥ ቤት ብቅ አሉና ቆሙ።

«እድር ጠርቶኝ ነው» አሉ ጎረቤታችን፣ የድንኳኑን ምሰሶ እያዩ።

አከራዬ ጭልፋውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት።

«እድር ከጠራማ ምን ይደረጋል» አሉ። «ግቢ። ሽንኩርቱ በዚያ በኩል ነው።»

ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ የወጣው ቃል ይኼ ነበር። ጎረቤታችን ሄደው ሽንኩርቱ ጋ ተቀመጡና አራሷ የከተፈችውን አንስተው አዩት። «ይሄ ሽንኩርት ነው ወይስ ማገዶ? አንተ ቲቸር፣ ሌላ ሰሃን ስጠኝ!» ሰጠኋቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አከራዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው «እንዲያ ካደቀቅሽው ድስቱ ውስጥ ይጠፋል» አሉ። «ይጥፋ! ሽንኩርት እኮ ለመጥፋት ነው» ሲሉ መለሱላቸው። አከራዬ አንድ ነገር አጉተምትመው ገቡ፤ ጥቂት ቆይተው በርጩማ ይዘው መጡና ከጎናቸው ተቀመጡ።

ሙሽሪት ከዚያ በላይ መታገሥ አቃታት። ፀጉሯ ግማሹ እንደተበተነ በሩጫ ወጥታ ጎረቤታችን ጭን ላይ ተደፋች። በጋሞኛ ምን እንዳሏት አልገባኝም። አከራዬ ግን ገብቷቸዋል መሰለኝ፤ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ መለስ አደረጉ። እኔ ደስታዬን የማሳርፍበት ባጣ የሐዘንተኛውን መዶሻ ተቀብዬ ካስማ መታሁ፤ ያው ጣቴን ነው የመታሁት።

ለፋፊው ደግሞ ማለዳ መጥተው፣ በሩ አጠገብ ወንበር ተቀምጦላቸው ይኼን ሁሉ አይተዋል። በጣታቸው ጠሩኝ።

«ሦስተኛዋ ሕጌ የት ሄደች ቲቸር?»

ሳልዋሽ ነገርኳቸው። ቅንፉን፣ «ወይም»ን፣ መብራቱን ሁሉ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ወይ አለመታደል!» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳልሳሳት ቀረሁ።»

ስለ ቅዳሜው ብዙ አልናገርም፤ ሰርግ የበላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጎረቤታችን ወንድሞቻቸው ኦቾሎ የሠሩትን ባለ ጥለት ጋቢ ሙሽሪት ትከሻ ላይ አኖሩ። አከራዬ «እኔ ከገዛሁላት ቀሚስ ይበልጣል» ብለው እያጉረመረሙ ጫፉን አስተካከሉላት። ሐዘንተኛው ሰውዬ ባይጨፍርም እግሩን ሲያወዛውዝ አይቼዋለሁ። ሕፃኑ ከበሮው ሥር ተኝቶ ዋለ። እኔ ከተጨፈረ መቀመጥ አላውቅም፤ ማክሰኞ ድረስ አነክስ ነበር።

ሰኞ ክፍል ገብቼ መስመሯን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት። «ይህን የጻፈ ተማሪ ስንት ይገባዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ ወንበር አንዷ ሳታስብ «ዜሮ!» አለች። የማን እንደሆነ ስነግራቸው ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ዜሮዬን በቀይ ጠመኔ ራሴ ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙን ላስተካክል ተቀመጥኩ። «ወይም»ን ወደ «እና» ለወጥኩ። ለማንኛውም ብዬ የሐሙሱ መልእክት ለእነማን እንደደረሰ ከፍቼ አየሁ። ለአራሷ ደርሷል። ለሐዘንተኛው ደርሷል። የጎረቤታችን ቁጥር ጎን ግን «አልደረሰም፣ ስልኩ ዝግ ነው» ይላል። እስከ ዛሬም አልደረሰም።

ደግሜ አየሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ስህተቴን በሆዴ ስባርከው ነበር፤ ለካ ስህተቴ እሳቸው ጋ አልደረሰም። ማንም አልጠራቸውም። አራሷ በደጃቸው ስታልፍ እናቷ «እድር አራስ ጠራ» እያሉ ሲጮሁ ሰምተው መሆን አለበት። ቢላቸውንና ትሪያቸውን ይዘው የወጡት በራሳቸው ነው።

አከራዬ በረንዳው ላይ ከሰርጉ የተረፉ የውሰት ዕቃዎችን እያጠቡ በየባለቤቱ ይለያሉ። መደበቅ አልችልበትም፤ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መልእክቱ በስህተት እንደተላከ፣ በኋላ ደግሞ ጨርሶ እንዳልደረሰ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እንዴት ይደርሳታል?» አሉ፣ ትሪውን እያገላበጡ። «ስልኳ ውሃ በርሜል ውስጥ የወደቀ ከሰርጉ አሥር ቀን በፊት ነው። ስትጮህ በአጥር ሰምቻለሁ። ሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ ቀብራው አልነሳ አላት።»

«ታዲያ እትዬ፣ ‹እድር ጠርቶኝ ነው› ሲሉዎት ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? አልጠራሽም ልበላት?» ትሪውን በቀሚሳቸው ጫፍ አደረቁት። «እኔ ለመጥራት አራት ዓመት አፌ እምቢ አለኝ። እሷ ያልተጠራችውን ተጠራሁ ብላ መጣች። ከኛ የሚሻለው ማን እንደሆነ አንቺው ፍረጂ።»

ትሪው የጎረቤታችን መሆኑን አውቄ ላደርስ እጄን ዘረጋሁ። አከራዬ ወደ ደረታቸው ሰብሰብ አደረጉት።

«ተይው» አሉኝ፣ «እኔው አደርሰዋለሁ።»

ባዶውን አይሄድም ብለው ከድፎው ሰፊ ቁራሽ ቆርጠው ጣሉበት። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከበሩ ሲደርሱ አንዴ ቆም አሉና ወጡ። እኔ እርጥቡ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ኮቴያቸውን በአጥሩ ማዶ ተከተልኩት፤ ከዚያ የጎረቤታችን በር ሲጢጥ ሲልና አከራዬ በዚያ በአስተማሪ ድምፃቸው «ቤቶች!» ሲሉ ሰማሁ።